«ተ» እና «ከ»

ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ እናቴ ከደንቢያ ያመጣችውን ነጭ ሽንኩርት ማዳበሪያ ላይ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። እኔ ከጎኗ ሆኜ ራስ ራሱን ከአፈሩ አራግፋለሁ። ነጠላዋን በወጉ ያጣፋች፣ አነጋገሯ የከተማ የሆነ አንዲት ሴት ጎንበስ አለችና አንዱን ራስ አንስታ እያገላበጠች «ሽንኩርቱ ከየት ነው የመጣው?» ብላ ጠየቀች። እናቴ «ተደንቢያ» አለች። ሴትዮዋ በገበያው ጫጫታ ስላልሰማቻት ጆሮዋን ቀረብ አድርጋ «አቤት?» አለች። እናቴም ቀና ብላ አየቻትና በዝግታ «ከደንቢያ» ብላ መለሰችላት። ሁለት ኪሎ ተመዘነ፣ ገንዘቡ ተቆጠረ፣ ሴትዮዋ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ የመንደራችን ሰው የሆነ ሽማግሌ አህያውን እየነዳ መጣና «ተማን ጋር መጣሽ?» ሲላት፣ እናቴ «ተልጀ ጋር» አለች፤ «ከ»ው ከአፏ ጠፍቶ ነበር።

በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዲት ፊደል ሁለት ጊዜ ተቀየረች። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ስለ ቋንቋና ስለ ማኅበረሰብ ግንኙነት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ተምሬአለሁ፣ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። ትምህርቱ ስለ እናቴ የሚናገር መሆኑን የተረዳሁት ግን የዚያን ቀን፣ ሽንኩርት እያራገፍሁ ነው።

በዚያ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በአእምሮዬ የቀረው የአሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር የዊልያም ላቦቭ ጥናት ነው። ላቦቭ እ.ኤ.አ. በ1962 ኅዳር ወር ኒውዮርክ ውስጥ ወደ ሦስት ትልልቅ መደብሮች ገባ። ሳክስ የሀብታሞች መገበያያ ነበር፤ ሜሲስ መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ሰዎች የሚገበዩበት፣ ክላይን ደግሞ ርካሽ ዕቃ የሚሸጥበት። በየመደብሩ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚገኝ አስቀድሞ የሚያውቀውን ዕቃ እየመረጠ ሻጮቹን «የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እነሱም «ፎርዝ ፍሎር» ብለው ይመልሳሉ። የፈለገው ፎቁን ሳይሆን በሁለቱ ቃላት ውስጥ ያለችውን «ር» ነበር፤ በከተማዋ «ር»ን ውጦ የሚናገርም አጥርቶ የሚናገርም አለ፤ አጥርቶ መናገር በዚያ ዘመን የክብር ምልክት እየሆነ መጥቶ ነበር። በዚህ መንገድ ሻጮችንና ሌሎች የመደብሮቹን ሠራተኞች፣ በድምሩ 264 ሰዎችን አነጋገረ። «ር»ን ሁልጊዜም ሆነ አልፎ አልፎ ያሰሙት ሰዎች በሳክስ ከመቶ 62፣ በሜሲስ 51፣ በክላይን ግን 20 ሆነው ተገኙ። ሁሉም የመደብር ሠራተኞች ናቸው፤ የሚለያቸው ከፊታቸው የሚቆመው ደንበኛ ነው። የደንበኛው ክብር ወደ ሻጩ ምላስ ይጋባል ማለት ነው።

ላቦቭ በዚህ አላበቃም። ሻጩ ከመለሰለት በኋላ እንዳልሰማ ሆኖ «አቤት?» ይልና መልሱን ያስደግመዋል። ሰው የተናገረውን ሲደግም ይጠነቀቃል፤ የሚጠነቀቀውም ትክክል ነው ብሎ ወደሚያስበው አነጋገር ነው። በሁለተኛው መልስ «ር» በረከተች፣ በተለይ የሜሲስ ሻጮች ወደ ሳክሶቹ ተጠጉ። ቅዳሜ ገበያ የመጣችው ገዥ ሳታስበው የጠየቀችው ይህንኑ ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ እናቴም የመለሰችው እንደ ኒውዮርክ ሻጮች ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት የትኛው ድምፅ የየትኛው ሰው እንደሆነ፣ የትኛው ገንዘብ ካለበት ጎን እንደሚገኝ አጥርታ ታውቃለች። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ከገበያው ተማረችው።

እኔንም ያስተማረኝ እንደዚሁ ያለ ነገር ነው፤ ሲያስተምረኝ ግን ጎድቶኛል። ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ወደ ጎንደር ስመጣ ድርቆሽና በርበሬ በከረጢት ተሸክሜ፣ ከሁለት የሰፈሬ ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ አዲሶቹን ተማሪዎች አንድ በአንድ እያስነሣ ስማችንንና የመጣንበትን ይጠይቅ ጀመር። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና «ተደንቢያ» አልሁ። ክፍሉ ሣቀ። መምህሩ ሣቁን አላስቆመም፤ ይልቁንም ቃሉን እኔ እንዳልሁት አድርጎ፣ «ተ»ዋን አስረዝሞ ደገማት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ተደንቢያ» ሆነ። ስንመጣ የሚያዩን ልጆች «ከማሪዎቹ መጡ» ይሉን ነበር፤ «ተ» ስህተት ከሆነ «ተማሪ»ም «ከማሪ» መባል አለበት ማለታቸው ነው።

ያደረግሁትን በዝርዝር አስታውሰዋለሁ። መጀመሪያ «ከ» ማለት ስላልሆነልኝ ፊደሏን ጨርሶ መሸሽ ጀመርሁ። «ከደንቢያ መጣሁ» እንዳልል «አገሬ ደንቢያ ነው» እላለሁ። «ከማን ጋር ትኖራለህ?» ሲሉኝ «ጓደኞች አሉኝ» ብዬ እመልሳለሁ። ከመናገሬ በፊት ዓረፍተ ነገሩን በልቤ እየዞርሁ አደገኛዋን ቦታ እፈልጋለሁ። ይህን ያህል ጊዜ ለሒሳብ አውዬው ቢሆን ኖሮ ውጤቴ ሌላ በሆነ ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር «ከ» ለምላሴ ቀለለች፤ «እሽ»ም «እሺ»፣ «አንች»ም «አንቺ» ሆኑ። ዓመቱ ሲያልቅ ከከተማው ልጆች ማንም እንደኔ አጥርቶ «ከ» የሚል አልነበረም።

በእርግጥም አልነበረም። አራዳ ተወልዶ ያደገ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ አባቱ የቢሮ ሰው፣ እናቱ መምህርት። ቤታቸው ሄጄ ስናጠና እሱ እንቅልፍ ሲጫነው ያለ ምንም ሐሳብ «ተዚህ እንጀምራለን» ይላል። እናቱም ከጓዳ ሆና «ተምሳ በኋላ ነው የምትሄዱት?» ትላለች። እኔ አፌን ጠብቄ «ከምሳ በኋላ» እላለሁ። በዚያን ጊዜ ግራ ይገባኝ ነበር፤ አሁን ግን ይገባኛል። ልጁ ጎንደሬነቱን የሚጠይቀው፣ የተማረ ቤት ልጅ መሆኑን የሚጠራጠርበት ሰው የለም፤ ስለዚህ ምላሱ ማረፍ ትችላለች። ማረፍ የማይችለው ወደ ላይ እየወጣ ያለው ሰው ነው። ላቦቭም ኒውዮርክ ውስጥ ይህንኑ አግኝቷል፦ ሰዎች ተጠንቅቀው ሲናገሩ «ር»ን ከሁሉ አብልጠው ያሰሙት በኑሮ የበላዮቹ ሳይሆኑ ከእነርሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ያሉት ነበሩ። ፍርሃታቸው ከባለቤቶቹ አስበለጣቸው።

ለመሆኑ «ተ» ስህተት ናት? በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ገጠር ስንት ሰው በዚህች መስተዋድድ ሲነጋገር፣ ሲዳኝ፣ ሲያለቅስ ኖሯል። «ትክክለኛው ከ ነው» የሚሉ ሰዎች ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ወደ ግዕዝ ይሸሻሉ፤ ጥንታዊው እሱ ነው፣ «ተ» የገጠር ብልሽት ናት ይላሉ። አንድ ቀን ይህን ክርክር ቅኔ ለሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ አቀረብሁላቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ግዕዙማ እም ነው የሚለው። እምሰማይ፣ እምድር ብለህ ተምረህ የለም? እዚያ ከም የለ፣ ተም የለ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በግዕዝ ፊት ሁለቱም እኩል እንግዶች ናቸው። አንዷ ጨዋ ሌላዋ ባለጌ የሆነችው በድምፁ ተፈጥሮ ሳይሆን በተናጋሪዎቹ ዕጣ ነው።

ያ ዕጣ ደግሞ የታሪክ ነገር ነው። ጎንደርን ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከቆረቆሯት በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ሆና ኖራለች። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ማተሚያ ቤቱ፣ ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ የመማሪያ መጽሐፉ ሁሉ የተደራጀው እዚያ ስለሆነ የዚያ አካባቢ አማርኛ የመጽሐፍ አማርኛ ሆነ። የመንግሥቱ መቀመጫ ሌላ ቦታ ቢረጋ ኖሮ የዜና አንባቢው ዛሬ «ተጎንደር የደረሰን ዜና» ይል ይሆናል፤ ተማሪውም «ከ» ሲል ይሣቅበት ይሆናል። አማርኛ ራሱ እኮ በዚሁ በር አልፏል። በፋሲል ግቢ ውስጥ ሲነገር የኖረው አማርኛ ነው፤ «ልሳነ ንጉሥ» የተባለውም የነገሥታት ቤት ቋንቋ ስለነበረ ነው። ነገር ግን የጎንደር ነገሥታት ዜና መዋዕል ሲጻፍ የሚጻፈው በግዕዝ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት የቋራው ሰው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ታሪካቸው በደብተራ ዘነብ ብዕር በአማርኛ ተጻፈ። በግቢው ሲነገር የኖረው ወደ ዜና መዋዕሉ ገባ። በአማርኛው ውስጥ የተለወጠ ድምፅ አልነበረም፤ የተለወጠው ስለ እርሱ ያለው ግምት ነው።

ስለ መስተዋድዷ ይህን ያህል ካልሁ ስለ ተውላጠ ስሙ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ጽሑፍ የአውሮፓ ቋንቋዎችን «አንተ» እና «እርስዎ» መርምረው ሁለት ኃይሎችን ለዩ፤ አንዱ ሥልጣን፣ ሌላው ቅርበት። ሥልጣን ባለበት አንዱ «አንተ» ሲል ሌላው «እርስዎ» ይላል፤ ቅርበት ባለበት ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሰጣጣሉ። በዘመናት ውስጥ ቅርበት ሥልጣንን እየገፋው መምጣቱንም አሳዩ። እኛ ቤት ይህ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሆኗል። ሴት አያቴ ባሏን እስኪሞት ድረስ «አንቱ» ስትለው ኖራለች፤ እሱ «አንች» ይላታል። እናቴና አባቴ ግን «አንተ» እና «አንች» ይባባሉ ነበር፤ አያቴም ይህን ስትሰማ ፊቷን ታጠቁር እንደነበር አስታውሳለሁ። ያችው አያቴ ማታ ስትጸልይ ፈጣሪዋን «አንተ» ትለው ነበር፤ እመቤታችንንም «አንች»። ባሏን የምታከብረውን ያህል እግዚአብሔርን የማታከብር ሆና አይደለም። ከእርሱ ጋር ሌላ ዓይነት ቅርበት ስለነበራት ነው።

ሥልጣን ግን አልሞተም። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ እናቴን ለአንድ የወረቀት ጉዳይ ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ይዣት ሄድሁ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ወጣት ከፊታችን የነበረችውን፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ የማይበልጥ ጥሩ የለበሰች ሴት «እርስዎ እዚህ ጋር ይፈርሙልኝ» ብሎ ሸኛት። ወዲያው እናቴን «አንቺ፣ መታወቂያሽን አምጪ» አላት። እናቴ ስድሳ አልፏታል። በደንቢያ መንደር ውስጥ ያን የሚያህል ልጅ «አንቱ» ሳይላት አጠገቧ አያልፍም። መታወቂያዋን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው፣ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመችና «ያ ልጅ የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስሙን ለማወቅ አልነበረም። እኔም መልስ አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ክንዷን ይዤ አወረድኋት።

ፊደል ሲለወጥ፣ ተውላጠ ስም ሲለወጥ እንዲህ ከሆነ፣ ሰው ቋንቋውን በሙሉ ሲለውጥ ምን ይሆናል? ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከጎንደር በስተምዕራብ፣ በጭልጋና በአካባቢው፣ የአገው ቋንቋዎች ወገን የሆነው ቅማንትኛ ይነገር ነበር። በ1987 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ ራሳቸውን ቅማንት ያሉትን ከ170 ሺህ በላይ አድርጎ ሲመዘግብ፣ ቋንቋውን አፍ የፈቱበት ግን ከ2 ሺህ ያነሱ ነበሩ። የቋንቋ ምሁሩ ዘለዓለም ልየው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዋስውን ከመተንተን ባሻገር ቋንቋው እንዴት ለአማርኛ ቦታ እንደለቀቀ ዘርዝሯል። በእንዲህ ያለ ነገር ላይ አዋጅ ሲታወጅ አይታይም። ወላጆች ልጆቻቸው እንዳይሣቅባቸው ብለው አንድ ቀን በልጆቹ ፊት ሌላውን ቋንቋ መናገር ይጀምራሉ፤ ልጆቹ የሚሰሙትን ይማራሉ፤ የልጅ ልጆች አያቶቻቸውን በአስተርጓሚ ያነጋግራሉ፣ ከዚያም አስተርጓሚ አያስፈልግም። ወላጆቹን መውቀስ አልችልም። እኔም ለአንዲት ፊደል ስል ምላሴን የቀጣሁ ሰው ነኝ። ልዩነታችን የመጠን ነው።

ሆኖም መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየኝም ላቦቭ ራሱ ነው። ከኒውዮርኩ ጥናት በፊት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባለችው ማርታስ ቪንያርድ በምትባል ደሴት ላይ ሠርቶ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1963 አውጥቶ ነበር። ደሴቲቱ በበጋ በሀብታም እንግዶች ትጥለቀለቃለች፤ ቤቱና መሬቱ በእነርሱ እጅ እየገባ፣ የጥንቱ ዓሣ አጥማጅነት እየከሰመ ነበር። በዚያ ጊዜ የደሴቷ ሰዎች አንዳንድ አናባቢዎችን በአሮጌው የደሴት ወግ መጥራታቸው በመቀነስ ፈንታ ጨምሮ ተገኘ። ማን እንደጨመረ ሲፈተሽ፣ እዚያው ለመኖር የቆረጡት ሆኑ፤ ለመውጣት ያሰቡት አልጨመሩም። ኮሌጅ ደርሰው የተመለሱ ወጣቶች ሳይቀሩ ከአባቶቻቸው ብሰው የደሴቷን ድምፅ ያሰሙ ነበር። «ይህች አገር የኛ ናት» የሚለውን ሰዎቹ በአናባቢ ተናገሩት።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ወደ ደንቢያዋ ከተማ ወደ ቆላ ድባ ተመልሶ የሚሠራ የአጎቴ ልጅ አለ። በተማሪነቱ እንደኔ ባለ «ከ» ነበር። አሁን ስብሰባ ላይ ሳይቀር፣ ከከተማ የመጡ ኃላፊዎች ፊት ቆሞ፣ «ተገበሬው የምንማረው አለ» ይላል። ረስቶት አይመስለኝም፤ መርጦት ነው።

እኔ ግን መምህር ነኝ፣ ቀይ እስክርቢቶም አለኝ። ለዓመታት በተማሪዎቼ ድርሰት ላይ «ተ»ዋን እየከበብሁ ከላይዋ «ከ» ጽፌባታለሁ፤ ዳር ላይም «ስህተት» ብዬ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ «ስህተት» የሚለውን ቃል ትቻለሁ። መክበቤን አልተውሁም፤ ልጁ ነገ የሚፈተነውም ማመልከቻ የሚጽፈውም በመደበኛው አማርኛ ነውና፣ እሱን ሳላስተምረው ብቀር የምበድለው ራሱን ልጁን ነው። አሁን ዳር ላይ የምጽፈው «በጽሑፍ ከ» ብቻ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወስጄ ለምን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ፦ ስለ ግዕዙ «እም»፣ ስለ ማተሚያ ቤቱ፣ ስለ ኒውዮርክ ሻጮች። ከዚያ ሁሉም በየቤታቸው የሚባለውን እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ባለፈው መስከረም ከኋላ የተቀመጠ፣ ከበለሳ የመጣ አንድ ልጅ ሁለት ገጽ ሞልቶ አመጣልኝ፤ ከክፍሉ ሁሉ ብዙ የጻፈው እሱ ነበር። ልጆቹ ሲያነብ አልሣቁበትም። ወይም አንዱ ሊሥቅ ሲል አየሁትና ቀና ብዬ ስመለከተው ተወው።

ያልጠገንሁት ነገር ግን ቤቴ ውስጥ ነው። ገበያ ላይ ያን ካየሁ በኋላ እናቴ ስትደውልልኝ አነጋገሯን ማዳመጥ ጀመርሁ። ለእኔ የምትናገረው በ«ከ» ነበር። «ከትምህርት ቤት ወጣህ?» «ከሚስትህ ጋር ሰላም ናችሁ?» መቼ እንደጀመረች አላውቅም፤ ምናልባት በዘጠነኛ ክፍል ክረምት፣ ለዕረፍት ወደ ቤት ተመልሼ አዲሱን አማርኛዬን ሳሰማት፣ ልጇ ወደ የትኛው ወገን እንደተሻገረ ያኔውኑ ገብቷት ይሆናል። ሽንኩርት ለምትገዛት ሴት እንደምትጠነቀቀው ለእኔም እየተጠነቀቀች፣ እኔ ሳልሰማት ሃያ ዓመት አለፈ።

ባለፈው እሑድ እኔ ደወልሁላት። ከኋላዋ የሰዎች ድምፅ ይሰማል። «እማየ፣ ተማን ጋር ነሽ?» አልኋት። ምላሴ ላይ ትንሽ ከበደችኝ፤ እንደ ተውሶ ልብስ ሆነችብኝ። ወዲያ ማዶ ጸጥታ ሆነ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። ከዚያ «ተአክስትህ ጋር ነኝ፣ ልጀ» አለችኝ። ቀጥላም ነጭ ሽንኩርቱ ዘንድሮ ዝናብ እንደመታው፣ ለዘር የሚሆነውን ለይታ ጣሪያው ሥር እንደሰቀለችው፣ ቅዳሜ የምትመጣው ተአክስቴ ጋር እንደሆነ ነገረችኝ።